ሌንስ እንዴት ይጸዳል? ከማስታወቂያ ቤት ሌዘር እስከ ጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ

በማስታወቂያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ትናንት 3 ሚሊሜትር አክሪሊክ (ጠንካራ የፕላስቲክ ሰሌዳ) ባንድ ዙር ሲቆርጥ የዋለ ሌዘር ዛሬ ግማሽ ላይ ይቀራል። ኦፕሬተሩ ፍጥነት ይቀንሳል፤ አሁንም አይበጥስም። ኃይል ይጨምራል፤ ይበጥሳል፣ ግን ጠርዙ ይጠቁራል። አንዱ መጥቶ «ሌንሱ ቆሽሾ ነው» ይላል። ሌንሱ ይፈታል፣ እፍ ይባልበታል፣ በቲሸርት ጫፍ እሽት እሽት ተደርጎ ይመለሳል። ለጥቂት ቀን ደህና ይሠራል። ከዚያ መሃሉ ላይ ነጭ ነጥብ ያወጣል፣ ወይም ይሰነጠቃል።

ሌንሱ ቆሽሿል ያለው ሰው አልተሳሳተም። ሌንሱን የጨረሰው አጠራረጉ ነው። እኔም የመጀመሪያዋን የሌዘር ሌንስ ያጣሁት እንዲሁ ነው፤ በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ፣ ያውም ንጹሕ ነው ብዬ ባመንኩበት። ከዚያ ወዲህ በእጄ ካለፉት ሌንሶች መካከል ቆሻሻ ካበላሻቸው ይልቅ ጽዳት ያበላሻቸው በዝተው አግኝቻለሁ። ጨርቁ ምን እየነካ እንደሆነ የገባው ሰው እጁ ራሱ ይጠነቀቃል፤ ስለዚህ ከዚያ ልጀምር።

ላዩ ላይ ያለው

ሌንስ ሲያዩት ባዶ መስታወት ይመስላል። ባዶ መስታወት ግን እያንዳንዱ ገጹ ካረፈበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ያንጸባርቃል። ሁለት ገጽ ሲሆን 8 በመቶ ገደማ ይባክናል፤ በአንድ የካሜራ ሌንስ ውስጥ ደግሞ አሥርና ከዚያ በላይ መስታወት ሊደረደር ይችላል። ይህን ብክነት ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አሌክሳንደር ስማኩላ ሌንስን በስስ ሽፋን የማልበስ ዘዴ አገኘ። ዛሬ በካሜራና በማይክሮስኮፕ ላይ የምናየው ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ነጸብራቅ የዚህ ዓይነት ሽፋን ምልክት ነው። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚውለው የማግኒዚየም ፍሎራይድ ሽፋን ውፍረቱ 100 ናኖሜትር ገደማ ነው። የፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ቢሆን (1 ማይክሮን 1000 ናኖሜትር ነው)፣ አንድ ፀጉር ለማከል ይህን ሽፋን 700 ጊዜ መደራረብ ያስፈልጋል። እኛ በጨርቅ የምናሸው እሱን ነው።

አሁን አቧራውን እንይ። መንገድ ላይ የሚነሳ አቧራ ውስጥ ኳርትዝ አለ፤ አሸዋን አሸዋ የሚያደርገው ማዕድን። በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7 ላይ ሲቀመጥ፣ መስታወት ከ5.5 እስከ 6 አካባቢ ነው። ጠንካራው ለስላሳውን ይጭረዋል። ደረቅ ጨርቅ አቧራ ያለበት ሌንስ ላይ ሲያርፍ ጨርቁ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል ማለት ነው። ጨርቁ ሐር ይሁን፣ ማይክሮፋይበር ይሁን፣ አዲስ ይሁን ለውጥ የለውም፤ የሚጭረው ጨርቁ ውስጥ የገባው ቅንጣት ነውና።

የጣት አሻራ ሌላ ጣጣ ነው። በላብ ውስጥ ጨውም፣ ቅባትም፣ አሲድም አለ። ዛሬ ቢጸዳ ይለቃል፤ ወራት ከቆየ ግን ሽፋኑን በልቶ የጣቱን ቅርጽ ለዘለቄታው ያትማል። አቧራ ሊጠብቅ ይችላል፣ አሻራ ግን አያድርም።

የሚያንጸባርቅ መስታወት ስንል ደግሞ ሁለት ዓይነት እንዳለ መለየት ይገባል። የቤት መስታወት የሚያንጸባርቀው በጀርባው በተቀባው ብረት ነው፤ እኛ የምንወለውለው ፊቱን ነው፣ ስለዚህ ብዙ ይችላል። በሌዘርና በቴሌስኮፕ ውስጥ ያለው መስታወት ግን ብረቱ ፊት ለፊት ነው። አሉሚኒየሙ ወይም ወርቁ ራሱ ከአየር ጋር ይገናኛል። የቤቱን በሚያጸዱበት እጅ ይህን ከነኩ አንጸባራቂው አብሮ ይነሳል።

ሌዘር ሲሆን ለምን ይብሳል?

በአገራችን አክሪሊክ፣ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ)፣ ቆዳና ጨርቅ የሚቆርጡት ማሽኖች አብዛኞቹ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ናቸው። ይህን ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካው የምርምር ተቋም ቤል ላብስ የሠራው ኩማር ፓቴል ነው። ብርሃኑ 10.6 ማይክሮን የሞገድ ርዝመት አለው፤ ዓይን አያየውም፣ ተራ መስታወትም አያሳልፈውም። ስለዚህ ሌንሱ ከመስታወት አይሠራም፤ እንደ ማር ቢጫ ከሆነው ዚንክ ሴሌናይድ ነው የሚሠራው። ዚንክ ሴሌናይድ ከመስታወት በጣም ይለሰልሳል። ለመስታወት ሌንስ ቀላል የሆነ ጭረት ለእሱ ቁስል ነው።

ሂሳቡን እናስላው። ጥሩና ንጹሕ ሌንስ ከሚያልፍበት የሌዘር ኃይል ግማሽ በመቶ እንኳ አይዝም። ማሽኑ 80 ዋት ቢሆን ሌንሱ ላይ የሚቀረው ከ0.4 ዋት ያነሰ ነው። ጭስና ሙጫ ተለጥፎበት 5 በመቶ ቢይዝ ደግሞ 4 ዋት ይሆናል። የአምስት ሳንቲም ገንዘብ ያህል ስፋት ላላት ስስ ሌንስ፣ ያውም መሃሏ ላይ ብቻ ለሚያርፍ ሙቀት፣ ይህ ብዙ ነው። ሌንሱ ሲሞቅ ብርሃኑን የሚሰበስብበት ነጥብ ይናጋል፤ መቁረጫው ይሰፋል። ኦፕሬተሩ ኃይል ሲጨምር ሙቀቱ ይጨምራል፤ የተለጠፈው ቆሻሻ ይከስላል፤ የከሰለው ደግሞ የበለጠ ሙቀት ይይዛል። መጨረሻው ስንጥቅ ነው።

ስለዚህ «መቼ ላጽዳ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እንደ ዕቃው ይለያያል። የካሜራ ሌንስ ፊት ላይ ያረፈ የ1 ሚሊሜትር ጉድፍ፣ ሌንሱ 50 ሚሊሜትር ስፋት ካለው፣ የሚጋርደው ብርሃን 0.04 በመቶ ብቻ ነው፤ ፎቶው ላይም አይታይም። ይተውት። ትላልቅ ቴሌስኮፖችም አቧራ ለብሰው ይሠራሉ። በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ (የሕዋ መመልከቻ ጣቢያ) እንዳሉት ባሉ የ1 ሜትር ቴሌስኮፖች ላይ ያለው መስታወት በቀላሉ የሚዳሰስ አይደለም። በሃዋይ የሚገኘው የሱባሩ ቴሌስኮፕ መስታወቱን ያለ ንክኪ ለማጽዳት የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ ይነፋበታል፤ ብናኙ ሲተን አቧራውን ይዞት ይሄዳል። የሌዘር ሌንስ ግን አይታገሥም፤ ያቺው ትንሽ ጉድፍ ትቃጠላለችና። ካሜራን እምብዛም አለማጽዳት፣ ሌዘርን ቶሎ ቶሎ ማየት፤ ልማዱ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው።

ማየት ማለት ደግሞ ፈቶ፣ ጨለም ባለ ቦታ የስልክ መብራት ከጎን ማብራት ነው። ብርሃኑ ፊት ለፊት ሲሆን የማይታይ አቧራና ጭረት በአግድም ሲመጣበት ቦግ ይላል።

እጅ ከማስገባት በፊት

ማሽኑ መጥፋት ብቻ ሳይሆን ከሶኬት መነቀል አለበት። የሌዘር ቱቦው ከ10 ሺህ ቮልት በላይ የሚሠራ ነው፤ የኃይል ሳጥኑ ከጠፋም በኋላ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ወደ ቱቦው ጫፍና ወደ ቀዩ ወፍራም ሽቦ እጅ አይሂድ። ሌንሱም ይቀዝቅዝ። የጋለ ሌንስ ላይ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ከፈሰሰ ይሰነጠቃል፣ አሴቶን ደግሞ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት የሚሰጥ ነገር ነው። መስኮት ይከፈት፤ ሲጋራ፣ ሻማ፣ ከሰል በአቅራቢያው አይኑር።

ስለ ዓይን አንድ ነገር ጠንክሬ ልናገር። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር የዓይንን ፊት ያቃጥላል። ብረት ላይ ስም የሚጽፉት ፋይበር ሌዘሮች ግን 1064 ናኖሜትር አካባቢ ስለሚሠሩ፣ ብርሃናቸው ሳይታይ የዓይንን ፊት አልፎ ሬቲና (በዓይን ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባይ ክፍል) ላይ ይሰበሰባል፤ እዚያ የተቃጠለ አይመለስም። የመጀመሪያውን የሚያግድ ጥርት ያለ የአክሪሊክ ክዳን ሁለተኛውን ያሳልፈዋል። የፀሐይ መነጽር ለሁለቱም አይረባም። መከላከያ መነጽር ሲገዙ የሚከላከለው የሞገድ ርዝመት በላዩ ላይ ተጽፎ ካላዩ አይግዙት። ሌዘር እየበራ ሌንስ ወይም መስታወት «ቆሽሿል ወይ» ብሎ ማየት ደግሞ በፍጹም አይሆንም።

ምን ይዤ ላጽዳ?

ዝርዝሩ አጭር ነው፦ በእጅ የምትጨመቅ የጎማ መንፊያ፣ የሌንስ ማጽጃ ወረቀት፣ የእንጨት ወይም የወረቀት እጀታ ያለው ንጹሕ የጥጥ ዘንግ፣ ወረንጦ፣ ዱቄት የሌለው ጓንት፣ እና ንጹሕ አሴቶን ወይም 99 በመቶ አይሶፕሮፓይል አልኮል። የፕላስቲክ እጀታና የእጀታው ማጣበቂያ በአሴቶን ይሟሙና መልሰው ሌንሱ ላይ ይለጠፋሉ፤ ስለዚህ እንጨት። ጓንቱንም ፈሳሽ አያስነኩት፤ ስሱ የላቦራቶሪ ጓንት አሴቶንን አይቋቋምም።

የበለጠ የሚያስቸግረው ፈሳሹን ማግኘት ነው፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ሌንስ ይጎዳል። ከኮሮና ወዲህ በየቤቱ ሳኒታይዘር አለ፤ «አልኮል አይደለም እንዴ?» ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ቀመር መሠረት የሚዘጋጅ ሳኒታይዘር ውስጥ እጅ እንዳይደርቅ 1.45 በመቶ ግሊሰሪን ይጨመራል። እጅ ያለሰልሳል፤ ሌንስ ላይ ግን የማይተን ቅባት ሆኖ ይቀራል። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው 30 በመቶ ውሃ ስለሆነ ሲደርቅ ክብ ክብ እድፍ ይተዋል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ቢኖረውም ሽታ፣ ቀለምና ዘይት ታክሎበታል። የመስኮት ማጽጃ አሞኒያ ሊኖረው ይችላል። ሜታኖል ሥራውን ይሠራል፣ ግን ትነቱም ሆነ በቆዳ የሚገባው መርዝ ነው፣ ዓይንም ያጠፋል፤ በቀላሉ የሚተካ ሆኖ ሳለ በሥራ ቦታችን ማስቀመጥ አያስፈልግም። አሴቶን ደግሞ አክሪሊክ ክዳን፣ የፕላስቲክ መነጽርና ቀለም የተቀባ አካል እንዳይነካ፤ ወዲያው ያደበዝዛል።

ኮምፕረሰር ለምን አይሆንም የሚል ይኖራል። የኮምፕረሰር አየር የሞተሩን ዘይትና የታንኩን ውሃ ይዞ ነው የሚወጣው። በአፍ እፍ ማለትም ምራቅ ይረጫል። ያቺ የጎማ መንፊያ ርካሽ ናት፤ ከሁሉም ዕቃ የምወዳት እሷን ነው።

ማንሳት እንጂ ማሸት አይደለም

መጀመሪያ መንፋት ነው። ሌንሱን ጠርዙን ይዘው ወደ ታች ደፋ አድርገው ይንፉት፤ የተነሳው አቧራ ተመልሶ እንዳያርፍ። ብዙ ጊዜ ሥራው እዚህ ያልቃል። ካለቀ ያቁሙ።

ካላለቀ ጠብታ ይመጣል። ሌንሱን ንጹሕ ወረቀት ላይ በጠፍጣፋ ያስቀምጡ። አንድ አዲስ የሌንስ ወረቀት ከላዩ ዘርግተው ይያዙ፤ መሃሉ ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ይጣሉ፤ የረጠበው ወረቀት ሌንሱን ሲለብሰው ወደ እርስዎ ቀስ ብለው ይጎትቱት። ጣት አይጫነውም፤ የሚይዘው የፈሳሹ ውጥረት ነው። የረጠበው ክፍል ቅባቱን ያሟሟል፣ ከኋላ የሚመጣው ደረቁ ጫፍ ይመጠዋል። ፍጥነቱ ልክ ከሆነ ወረቀቱ ሲያልፍ ፈሳሹ ከኋላው ተንኖ ያልቃል፤ መስመር አይተውም። ወረቀቱ ይጣላል። ሁለተኛ ዙር ካስፈለገ ሁለተኛ ወረቀት ነው። ያገለገለ ወረቀት መልሶ መጠቀም የተነሳውን አሸዋ መመለስ ነው፤ ቁጠባው ሌንስ ያስከፍላል።

የጭስ ሙጫ ጠንክሮ ከተለጠፈ የጥጥ ዘንጉ ይምጣ። ፈሳሹ ውስጥ ይነከራል፣ ትርፉ ይራገፋል፣ ከመሃል ወደ ዳር ሌንሱ ላይ እየተንከባለለ ይሄዳል። መንከባለሉ ዋና ነገር ነው፤ ሲንከባለል ቆሻሻው ጥጡ ላይ ተጠቅልሎ ይወጣል፣ ሲታሽ ግን በዚያው ጥጥ ይፈጫል። ክብደቱ የዘንጉ የራሱ ክብደት ብቻ ይሁን። የነካ ዘንግ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም፤ ፈሳሹን በትንሽ ብርጭቆ ቀንሰው ይጠቀሙ፣ የቀረውን ይድፉት።

መስታወቶቹ ሦስት ዓይነት ባህርይ አላቸው። የሞሊብዲነም መስታወት ሽፋን የሌለው ጠንካራ ብረት ስለሆነ ጠንከር ያለ ጽዳት ይችላል። በወርቅ የተሸፈነው የሲሊከን መስታወት የሚችለው የወረቀቱን ጉተታ ብቻ ነው። በላቦራቶሪ መሣሪያ ውስጥ ብርሃንን በቀለም የሚከፋፍለው ባለ መስመር ሰሌዳ ደግሞ በምንም አይነካም፤ በወረቀትም በፈሳሽም። አየር ብቻ።

ሲመልሱ የሌንሱ ጎበጥ ያለው ገጽ ወደ ላይ፣ ብርሃኑ ወደሚመጣበት ይሁን። ተገልብጦ የተገጠመ ሌንስ ንጹሕም ሆኖ ደካማ ይቆርጣል፤ ሰውም «ጽዳቱ አልሠራም» ብሎ እንደገና ያሸዋል።

ጤና ጣቢያው ውስጥ

ይህ ክፍል ከሌዘሩ በላይ ያሳስበኛል። ወባ በደም ናሙና የሚታየው በ100 እጥፍ ሌንስ ነው፤ እሱም የሚሠራው በዘይት ነው። ባለሙያው ዘይት ጠብ አድርጎ ያያል፤ ቀጥሎ ሰፋ አድርጎ ለማየት ወደ 40 እጥፉ ሌንስ ይመልሳል፤ 40ው በዘይቱ ውስጥ ያልፋል። 40ው ግን የደረቅ ሌንስ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስሉ ጭጋግ ይሆናል፤ «ማይክሮስኮፑ አርጅቷል» ይባላል። አላረጀም፤ ዘይት ጠጥቷል።

ዘይቱ በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ በሌንስ ወረቀት ይመጠጥ፤ መጀመሪያ በደረቁ በመንካት ብቻ፣ ከዚያ በጥቂት አልኮል በረጠበ ወረቀት። ከደረቀ ሙጫ ይሆናል። ዛይሊን የተባለውን ማሟሟያ አዘውትሮ መጠቀም ሌንሶቹን ያያያዘውን ማጣበቂያ ያላላል። ሶፍትና የቁስል ሻሽ ለዚህ አይሆኑም፤ የእንጨት ቃጫቸውና ክራቸው ሸካራ ነው።

ጉድፉ የት እንዳለ ሳይታወቅ ሁሉንም መጥረግም ጉዳት ነው። የዓይን ሌንሱን ያሽከርክሩት፤ ጉድፉ አብሮ ከዞረ እዚያ ላይ ነው። ስላይዱን ያንቀሳቅሱ፤ አብሮ ከሄደ ስላይዱ ነው። ሌንሱን ሲቀይሩ ከጠፋ በዚያ ሌንስ ላይ ነበር። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ምርመራ ሦስቱን ሌንስ ከመነካካት ያድናል።

እንደ ጋምቤላ ባለ ሙቀትና እርጥበት በሚገናኙበት ቦታ ደግሞ ሻጋታ ይመጣል፤ በሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋል። ውስጥ የገባ ሻጋታ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ፈትቶ መመለስ አሰላለፉን ያጠፋዋል። መከላከሉ ቀላል ነው፤ ማይክሮስኮፑ እርጥበት ከሚጠጣ የሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር በደረቅ ሳጥን ይቀመጥ፣ ጄሉ እርጥበት ሲጠጣ በሙቀት እየደረቀ ይመለስ። በቆዳ መያዣ ለወራት ማስቀመጥ ግን ሻጋታን መጋበዝ ነው፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ይቆያል።

ስለ ኢንተርኔት ፋይበር ገመድ አንድ ቃል ብቻ። ብርሃኑ የሚሄድበት እምብርት 9 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ትደፍነዋለች። አቧራ እያለ ከተሰካ ሁለቱ ጫፎች ቅንጣቷን ወደ መስታወቱ ይጫኗታል፤ በኋላ ቢጸዳም ጠባሳው ይቀራል። ስለዚህ ጽዳቱ ከመሰካት በፊት ነው። ጫፉን በዓይን ማየት አይቻልም፤ የሚሄደው ብርሃን አይታይም፣ ዓይን ግን ይጎዳል።

ቆሻሻው ከየት መጣ?

የሌዘር ሌንስ ቶሎ ቶሎ ከቆሸሸ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ወደ ሌንሱ ጉሮሮ የሚነፋው አየር ደካማ ከሆነ ጭሱ ወደ ላይ ይወጣል። ጭስ መሳቢያው ከተደፈነም እንዲሁ። ከሁሉ የከፋው ፒቪሲ የሚባለውን ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ መቁረጥ ነው። ፒቪሲ ሲቃጠል የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ከእርጥበት ጋር አሲድ ሆኖ ሌንሱን፣ ሐዲዱን፣ የሠራተኛውንም ሳንባ ይበላል። አንዳንድ ደንበኛ «አክሪሊክ ነው» ብሎ የሚያመጣው ፒቪሲ ሊሆን ይችላል። የጋለ የመዳብ ሽቦ አስነክተው ነበልባል ላይ ሲያደርጉት እሳቱ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን አለበት፤ ከማሽኑ ያርቁት። ይህን ሙከራ ሲያደርጉ ቁራጩ ትንሽ ይሁን፣ ከደጅ ይሁን።

እና ሁለት ጊዜ በትክክል ተጸድቶ ያልለቀቀ ነጥብ ቆሻሻ አይደለም፤ የተቃጠለ ሽፋን ነው። ሦስተኛ ጊዜ ማሸት አያድነውም፤ ሌንሱ ይቀየር። ከተሰበረ ደግሞ ዚንክ ሴሌናይድ በውስጡ ሴሌኒየም እንዳለው ይታወስ፤ ብናኙ ሲተነፈስ ወይም ሲዋጥ መርዝ ነው። በመጥረጊያ አይጠረግም። ጓንት ለብሶ ስብርባሪውን በወረንጦ መልቀም፣ ብናኙን በእርጥብ ወረቀት ማንሳት፣ ሁሉንም ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ዘግቶ «አደገኛ» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። እጅዎን ታጥበው ነው ወደ ምሳ የሚሄዱት።